«ሰው እየሞተ ስለ ጉልበቴ ማውራት ያሳፍረኛል»

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የ66 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሁለቱም ጉልበቴ ተበልቷል፣ የቀኙ ኦፕራሲዮን ተደርጎ መገጣጠሚያው ይቀየራል ተብሎ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር። ኮቪድ ሲመጣ ተራዘመ፣ ከዛ አንዴ ደግሞ ተራዘመ፣ አሁን ስጠይቅ ወረፋ ላይ ነዎት ነው የሚሉኝ፣ ቀን ግን የለም። ሌሊት ያስለቅሰኛል። ግን ሰው እየሞተ ስለ ጉልበቴ ማውራት ያሳፍረኛል፣ ልጆቼም ቻይው ነው የሚሉኝ። ቢጠሩኝም ደግሞ ቫይረሱን ይዤ እንዳልወጣ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ማፈር የሚሉትን ነገር እናንሳው። እኔም በዛን ሰሞን ለበሽተኞቼ እየደወልኩ ቀጠሮዎ ተራዝሟል ስል ነው የከረምኩት፣ የሚቆጣ ነበር፣ ዝም ብሎ የሚያለቅስ ነበር፣ ብዙዎቹ ግን ልክ እንደ እርስዎ «ግድ የለም ዶክተር፣ ከኔ የባሰ አለ» ነበር የሚሉኝ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሚከብደኝም የነሱ ነበር።

አስቸኳይ አይደለም የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጎድቷል። አስቸኳይ ያልሆነ ማለት ዛሬ ባይሰራ ሕይወት አያልፍም ማለት ነው እንጂ አያምም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ኦፕራሲዮን ክፍሎች የቆሙት የማደንዘዣ ባለሙያውም ቬንቲሌተሩም (መተንፈሻ ማሽኑ) አልጋውም ለኮቪድ ስለተፈለገ ነው፣ ያኔ ተመራማሪዎች ወረርሽኙ በሚበረታባቸው 12 ሳምንታት ብቻ በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ገደማ ኦፕራሲዮን ይሰረዛል ወይ ይራዘማል ብለው ገምተው ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ስለ ኑሯቸው ተጠይቀው መልሳቸው ወደ ነጥብ ሲቀየር፣ ዳሌ ከሚጠብቁት ከሲሶ በላይ፣ ጉልበት ከሚጠብቁት ደግሞ ወደ ሩብ የሚጠጉት ያሉበት ሁኔታ መለኪያው «ከሞት የከፋ» በሚለው ደረጃ ላይ ነው የወጣው፣ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ እርስዎ አልቀበጡም። ልጆችዎም ቻይው ከማለታቸው በፊት ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው።

ከታዘብኩት፣ ከሕመሙ እኩል ሰውን የሚጨርሰው ቀን አለማወቁ ነው። ስለዚህ «መቼ ነው» ብቻ ብለው አይመለሱ፣ አጣዳፊነቴ በየትኛው ደረጃ ነው የተመዘገበው ብለው ይጠይቁ፣ ወረፋው የተያዘው ድሮ በታዩበት ሁኔታ ሊሆን ይችላላ። ያኔ ስንት ደቂቃ ይሄዱ ነበር አሁንስ፣ ወድቀው ያውቃሉ ወይ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው፣ ይሄን ሁሉ ጽፈው ይያዙና እንደገና ልታይ ይበሉ። ሁኔታው ከባሰ ደረጃው የሚቀየርበት ጊዜ አለ፣ ዝም ያለ ሰው ግን እየተሻለው ነው ተብሎ ይታሰባል።

ፍርሃትዎን አልንቀውም። በወረርሽኙ መጀመሪያ በኦፕራሲዮን ሰሞን ቫይረሱ የያዛቸው ሰዎች ብዙ ተጎድተዋል፣ መራዘሙም አንዱ ምክንያቱ እሱ ነበር። ክትባቱንና ምርመራውን ይጠይቁ፣ ኮቪድ ይዞዎት ከነበረ ደግሞ መቼ እንደያዘዎት ሳይደብቁ ይንገሩ፣ ያኔ የወጣው ምክር ቢያንስ 7 ሳምንት ይለፍ የሚል ነበር።

እስከዛው የጭኑ ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ነው ትልቁ ሥራ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እግሩን ቀጥ አድርገው ማንሳትና ትንሽ ይዞ ማውረድ፣ በየቀኑ፣ የሚያሳይዎ ፊዚዮቴራፒስት ካለ በጣም ጥሩ። ከዘራውን ሰው ሁሉ በሚያመው በኩል ይይዘዋል፣ ስህተት ነው፣ ይበልጥ የሚያምዎ ቀኙ ከሆነ በግራ እጅዎ ይያዙት። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም አይዋጡ፣ በተለይ ደም ግፊት ወይ የኩላሊት ወይ የጨጓራ ችግር ካለ። ጉልበት ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ያስታግሳል፣ ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት 3 ወራት ከተወጋ የኢንፌክሽን አደጋ ስለሚጨምር ሳያማክሩ እንዳይወጉት።

ጉልበቱ ድንገት ከጋለና ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ወድቀው መቆም ካቃትዎ ግን ወረፋ ብሎ ነገር የለም፣ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።