ላሜ ስታገሳ ዓለም ይሞቃል ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ከብትና ሚቴን ስለሚባለው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ስለሆኑ አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሁለት የፈረንጅ ዲቃላና ሦስት ያበሻ ላሞች አሉኝ። ሴት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ “አባዬ ላሞቻችን በፈሳቸው ምድርን እያሞቁ ነው” አለችኝና ስቄ አለፍኩት፣ በኋላ ግን ሬዲዮ ላይም ሰማሁ። ያ ሁሉ መኪናና ፋብሪካ እያለ ላም ላይ ምን አመጣቸው? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ልጅዎት ግማሹን አግኝታዋለች፣ ጋዙ አለ፣ የሚወጣበት በር ግን ሌላ ነው። 95 በመቶ ያህሉ የሚወጣው በአፍና በአፍንጫ ነው፣ ማለትም በግሳት። ለዱለት የሚከተፈው ጨጓራ አለ አይደል፣ ሲታጠብ ፎጣ የሚመስለው፣ ትልቅ ላም ላይ እሱ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ውስጡ አየር የለም፣ በአይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው የሞሉት፣ እኛ ብንበላው ምንም የማይጠቅመንን ጭድ እነሱ ናቸው አብላልተው ለላሟ ምግብ የሚያደርጉላት። ሲብላላ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፣ ሌሎቹ ተህዋስያን ደሞ ሁለቱን ያገናኙና ሚቴን ያደርጉታል። ላሟ ይሄን ካላገሳች ትሞታለች፤ ጤዛ ያለበት አልፋልፋ በልታ ሆዷ ሲነፋ አይተው ከሆነ እሱ ጋዝ መውጫ አጥቶ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ልክ ነዎት፣ ዋናው ጥፋተኛ ነዳጅና ድንጋይ ከሰል ነው፣ ይሄ ምንም ክርክር የለውም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2013 እ.ኤ.አ. ሰው ከሚለቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ሁሉ የእንስሳት እርባታ ድርሻ 14.5 በመቶ ነው ብሎ ነበር፣ በ2023 እንደገና ሲያሰላው 12 በመቶ አለ፣ መኖውም ለግጦሽ የሚመነጠረው ጫካም እዛ ውስጥ ተቆጥሮ ነው። ሚቴንን ለየት የሚያደርገው ጸባዩ ነው። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት አካባቢ ብቻ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለመቶዎች ዓመታት ይቀመጣል። ባለበት ጊዜ ግን ኃይለኛ ነው፣ ቶን ለቶን በ20 ዓመት ሂሳብ 80 እጥፍ አካባቢ ያሞቃል፣ በ100 ዓመት ደሞ 27 እጥፍ። ስለዚህ ዛሬ ቢቀንስ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፣ ሰው ሁሉ ላሟ ላይ የተረባረበውም ለዚህ ነው።

አንዳንዱ “ላሟ እኮ ሳሩ ከአየር የወሰደውን ነው መልሳ የምትሰጠው” ይላል። እውነት ነው፣ ግን የምትመልሰው በባሰ መልኩ፣ ሚቴን አድርጋ ነው። የከብቱ ቁጥር ባለበት ቢቆም አዲሱ ጋዝ የሚጠፋውን ይተካና አየር ላይ ያለው መጠን ብዙም አይጨምርም፣ የኛ ሀገር ከብት ግን ቆሞ አያውቅም፣ 70 ሚሊዮን አካባቢ ደርሷል፣ ከአፍሪካ አንደኛ።

እርሶን የሚመለከተው ግን ይሄኛው ነው። የአየር ንብረት ባለሙያዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት የስሌት መመሪያ ላይ የሰሜን አሜሪካ የወተት ላም በዓመት 128 ኪሎ ሚቴን ትለቃለች፣ የአፍሪካዋ 46 ኪሎ። እስቲ እዚህ ላይ የኛዋ ንጹህ ነች በሉ! ግን እዛው ሰንጠረዥ ላይ የአሜሪካዋ 8,400 ኪሎ ወተት ነው የምትሰጠው፣ የአፍሪካዋ 475። ሲካፈል የአሜሪካዋ ለአንድ ኪሎ ወተት 15 ግራም ሚቴን ይደርሳታል፣ የኛዋ 97 ግራም፣ ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያበሻ ላም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምትወልደው አራት ዓመት ሆኗት ነው፣ እስከዛ ድረስ ታገሳለች እንጂ አንድ ኩባያ ወተት አላየንባትም። ደሞ ደረቅ ጭድ ብቻ ስትበላ መብላላቱ ይረዝማል፣ ከበላችው ምግብ ጉልበት ውስጥ ወደ ሚቴን የሚሄደውም ይበዛል፤ እንደ መኖው አይነት ከ2 እስከ 12 በመቶ ይሄዳል። እርሶ የገዙት መኖ ነው እንግዲህ በግሳት የሚወጣው።

ስለዚህ ጭዱን በዩሪያ ማከም፣ ጓሮ ላይ ዝሆኔ ሳርና አልፋልፋ መትከል፣ ከተቻለ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ መጨመር (ፉርሽካ ስንት እንደገባ እያወቅክ ነው ወይ እንደሚሉኝ አውቃለሁ)፣ ላሟ ስትፈልግ ቀኑን ሳያሳልፉ ማስጠቃት፣ የማትወልደዋን ደሞ ለስም ብሎ አለማቆየት። ሦስቱን ያበሻ ላሞች በአንዲት ጥሩ ዲቃላ መተካት ከቻሉ ወተቱም ይበልጣል ግሳቱም ይቀንሳል። እበቱ ብዙ አያስጨንቅዎት፣ ሚቴን የሚበዛው ውሃ ሞልቶት ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ነው፣ ደርቆ ኩበት የሚሆነው በጣም ትንሽ ነው የሚለቀው። ባዮጋዝ ካስገቡ ግን ያው ሚቴን ምጣድ ስር ይነድልዎታል።

ጥያቄ፦ እኛ ቦረና ከብቶቻችን በድርቅ አለቁ። አሁን ደሞ ለድርቁ ምክንያቱ ከብት ነው ሲባል ምን እንበል?

መልስ፦ መናደድ ሲያንሳችሁ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ፣ የአየር ንብረት ተመራማሪዎችም በሚያዝያ 2023 ያን ድርቅ የአየር ንብረት ለውጥ ቢያንስ 100 እጥፍ የመከሰት እድሉን እንደጨመረው አስታውቀዋል። አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከ0.2 ቶን በታች። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ግን ደሞ መንግስት ራሱ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ እቅድ ላይ ከሀገሪቱ 150 ሚሊዮን ቶን ልቀት 65 ሚሊዮን ያህሉ ከእንስሳት ነው ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ የለም ማለትም አንችልም። ለእናንተ የሚሆነው ነገር ከብት ተው ማለት አይደለም፣ ስንት ዓመት በልቶና አግስቶ ሳይሸጥ ሳይታለብ የሚሞት በሬ ነው ትልቁ ኪሳራ። ክትባት፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ድርቆሽ፣ ድርቁ ሳይጠና ከብቱን በደህና ዋጋ የሚገዛ ገበያ፣ እነዚህን ነው ከመንግስትም ከረጂውም መጠየቅ ያለባችሁ።

ጥያቄ፦ ዴንማርክ ላም ላይ ግብር ጣለች አሉ። እኛ ጋርስ ይመጣል? ደሞ ያን ሁሉ ቀን መጾማችን አይቆጠርልንም? 😄 (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዴንማርክ እውነት ነው፣ በ2024 ተወስኖ ከ2030 ይጀምራል፣ በቶን ልቀት 300 ክሮነር (የዴንማርክ ገንዘብ)፣ በ2035 ደሞ 750፣ ግን 60 በመቶው ስለሚነሳላቸው ገበሬዎቹ የሚከፍሉት ያን ያህል አይደለም። ኒውዚላንድ ተመሳሳይ አስባ ገበሬው ተነሳባትና በ2024 ተወችው። ቦቫየር የሚባል መኖ ላይ የሚጨመር ነገርም አለ፣ የወተት ላም ላይ ሚቴኑን 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ግን በየቀኑ ከመኖ ጋር መቀላቀል አለበት፣ ሜዳ ለሜዳ ለሚግጥ ከብት አይሆንም። እኛ ጋር የሚቴን ግብር የለም፣ አንድ ሁለት ላም ያላትን እናት አስከፍሎ የሚገኝ ነገር ያለም አይመስለኝም።

ጾሙ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ሥጋና ወተት ስንተው ላሟ አትጾምም፣ በሁዳዴ 55 ቀን ስትበላና ስታገሳ ትከርማለች፣ ወተቱ ግን ገዢ ያጣል፣ አንዳንዱ ጋር ይደፋል። ልቀቱ እንዳለ ነው፣ የጠፋው ጥቅሙ ብቻ ነው። ጾማችን እንዲቆጠር ከተፈለገ የጾሙን ወተት ወደ ቅቤ፣ ወደሚቆይ አይብና ወደ ዱቄት ወተት የሚቀይር ማቀነባበሪያ በየአካባቢው ያስፈልጋል፣ አርቢውም ከቻለ የላሞቹን መውለጃ ከፋሲካ ጋር አስጠግቶ ማስጠቃት ይችላል፤ እርግዝናዋ ዘጠኝ ወር ስለሆነ ሰኔ መጨረሻ ወይ ሐምሌ ላይ ማለት ነው።