ቅዳሜን በነፃ ማን ፈረመ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ አጠገብ ወንጂ ነው። ነሐሴ ላይ አዋሽ ሲሞላ ሁላችንም ማዳበሪያ በአሸዋ እየሞላን ዳር ዳሩን ደረደርን። ውሃው ከጎደለ በኋላም ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው ለግድቡ እንዲወጣ አዘዘ፤ የቀረ ይቀጣል ተባለ። ከጥር ወዲህ ኮንትራክተር በቀን ሂሳብ ቀጥሮናል፣ ቅዳሜ ግን «ተሳትፎ ነው» ተብሎ አይከፈልም። የሁሉንም ክፍያ ልጠይቅ? የስም ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነሐሴውን እርሳው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ይከለክላል፤ የሕዝብን ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሲመጣ የሚሰጥን አገልግሎት ግን እንደ ግዳጅ አይቆጥረውም። ከዚያ በኋላ ያለው ይለያል። የአካባቢ ልማት በሕዝቡ ፈቃድ ከሆነ ይቻላል፣ ግን የቀረ እየተቀጣ ምን ፈቃድ አለ? የቅጣት ደረሰኝ ያለው ጎረቤት ፈልግ። ያም ሆኖ ቀበሌውን ደመወዝ ማስከፈል ከባድ ነው፣ ቅጥር እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅብሃል፤ ሰነዱን ያየ ጠበቃ ይወስን።

አሁን ወዳልነገርከኝ ልምጣ። ዝርዝሩ አንተ ጋ ምን ይሠራል? ስም ያዡ አንተ ነበርክ መሰለኝ። ከሆነ ለጠበቃህ አስቀድመህ ንገረው፣ ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን አፍ መስማት የለበትም። ስም እንዳትጨምር፣ እንዳትሰርዝ፤ ጣጣው ወንጀል ነው።

ደግሞስ ከላዩ ምን ይላል? ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ተሰልፈው፣ አካፋውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ፎርማኑ በዘረጋላቸው ወረቀት ላይ ስማቸውን ፈልገው ይፈርማሉ። ከላይ «በፈቃዳቸው በነፃ ለመሥራት የተስማሙ» ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ ጭራሽ ባዶ ቅጽ ላይ ይፈርማል፣ ርዕሱ ማታ ይሞላለታል። ከወራት በኋላ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ «አላነበብኩትም» ማለት ብዙ አያስኬድም፣ ፊርማው ያንተ ነዋ! ስለዚህ ሳታነብ አትፈርም። ካልተስማማህ ከስምህ አጠገብ «ክፍያ እጠይቃለሁ» ብለህ ጻፍ፣ በስልክህም ፎቶ አንሳው።

የኮንትራክተሩ ቅዳሜ የተሻለ መንገድ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል። የጽሑፍ ውል የለኝም ብለህ አትተወው፣ ውል በቃልም ይሆናል። የጥር ቅዳሜዎች ቀን እየቆጠሩ ነውና ዝርዝሩን፣ የክፍያ ወረቀቱንና ሁለት ምስክር ይዘህ በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ኦሪጅናሉን ያዝ፣ ኮፒ ብቻ እንዳይሆን።