ሱቁን ሳትሸጥ መጀመሪያ አሲስታንትሺፕ ጠይቅ

አቦ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ያለውን የአባትህን ሱቅ ለመሸጥ አትቸኩል። አሜሪካ ለማስተርስ ተቀብለውኛል፣ ክፍያው ግን በራሴ ነው፣ ሄጄ እየሰራሁ ብከፍልስ ብለሃል። አይሆንም። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ትምህርት እየሄደ ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መስራት አይፈቀድም፤ እሷም ለአስቤዛ ብትበቃ ነው። ደግሞ አይ-20 (ለቪዛው ዩኒቨርሲቲው የሚሰጥህን ሰነድ) ለማግኘት ራሱ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈን እንደምትችል ማሳየት አለብህ።

ዛሬውኑ ለዲፓርትመንቱ አስተባባሪ ኢሜይል ጻፍ። የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት (አሲስታንትሺፕ) ቦታ ካለ ጠይቅ፤ ለዲፓርትመንቱ እየሰራህ ደመወዝ የሚከፍሉህና የትምህርት ክፍያህን የሚሸፍኑልህ ማለት ነው። ፕሮፌሰሮቹንም ስራቸውን አንብበህ በየስማቸው ጻፍላቸው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከበተንክ ማን ይመልስልሃል? ካገኘህም የትምህርት ክፍያውን ሙሉ ይሸፍናል ወይስ ግማሹን፣ የጤና ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል፣ ደመወዙ የ9 ወር ነው የ12 የሚለውን በጽሁፍ ተቀበል፤ የእረፍቱ ወራት ሲመጣ ኪሱ ባዶ ሆኖ የሚደነግጥ ብዙ ነው።

ካልተሳካ ቅበላውን ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንዲያዛውሩልህ ጠይቅ። እኔ ብሆን ግን ማስተርሱን እዚሁ ሐረማያ ይዤ ለፒኤችዲ ነበር የማመለክተው። በተለይ በሳይንሱ በኩል ረዳትነቱን በብዛት የሚሰጡት ለፒኤችዲ ተማሪ ነው።