እነዛ ሴቶች የት ሄዱ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ መልእክት ላከችልኝ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነው የተመረቀችው። ግጥም ትጽፋለች፣ አጭር ልብ ወለድ ትሞክራለች፣ ቋሚ ሥራ ግን የላትም። አንድ ነጋዴ የሕይወት ታሪኩን እንድትጽፍለት ጠይቋታል፤ ዳጎስ ያለ ብርም ቃል ገብቶላታል። ጓደኞቿ ሳቁባት። "ደራሲ ነኝ ስትዪ ከርመሽ የሰው ጉራ ልትጽፊ ነው?" አሏት። እሷም እኔን ጠየቀችኝ፦ "ጋሼ፣ ይሄን ብቀበል ራሴን መሸጥ አይሆንብኝም?"

"ተቀበይው" ብዬ በአንድ ቃል ልመልስላት ነበር። ከዛ አንድ ሰውዬ ትዝ አለኝና ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሱ ረዘመ። ሌሎቻችሁም በጽሑፍ ምን ምን ሠርቶ መኖር እንደሚቻል ስለምትጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው እዚህ የምጽፈው።

በ1985 የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ አዲስ አበባ ላይ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። እኔም ከድሬ ሄጄ አንዱ መጽሔት ላይ ገባሁ። ብዙ አልቆየም። መጽሔቱ ተዘጋ፣ የቀረኝ ደሞዝም በዛው ቀረ። ያላለቀ ልብ ወለድ በሻንጣ ይዤ በባቡር ተመለስኩ። ገንደ ቆሬ እናቴ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ማለት ተኛሁ። ጎረቤት ሲጠይቃት "እየጻፈ ነው" ትላለች፣ እኔ ግን ከአልጋ የምነሳው ሙቀቱ ሲያባርረኝ ነው።

በዚህ መሀል ከዚራ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሾፌር ልከው አስጠሩኝ። "ልከው" "አስጠሩኝ" የምለው ለጽሑፍ ነው፤ ፊት ለፊት አንተ ነበር የምለው፣ እሱም ይሄን ነው የሚወደው። ድሬ ላይ አንቱታ ለእንግዳ ነው። "አንተ ልጅ ትጽፋለህ አሉ" አለኝ። "እኔ አውርቼ አውርቼ ደከመኝ። አንድ ቦታ ይቀመጥልኝ።" ግማሹን ክፍያ እዛው ቆጥሮ ሰጠኝ። ለእናቴ ስኳርና ዘይት ገዛሁበት።

ቴፕ ሪከርደር ከጓደኛ ተዋስኩ። ከሰዓት በረንዳው ላይ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ እሱ ያወራል፣ እኔ ካሴት እገለብጣለሁ። አቦ፣ ሰውየው ሲያወራ! አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛ አለ፣ ሶማሊኛ አለ። የባቡሩ ዕቃ በሙሉ ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ሲናደድም ፈረንሳይኛ ነው የሚመጣለት። ከተማችንን የወለዳት በ1902፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ አይደል? እሱም የዛ ሐዲድ ልጅ ነበር። በ1969 ጦርነት መስመሩ ተቆርጦ ባቡሩ ሲቆም፣ ሾፌር ያለ ባቡር ምን እንደሚሠራ ሲነግረኝ የከባድ መሣሪያ ድምፅ በአፉ ያሰማኛል። ልጆቹ ከውስጥ ይስቃሉ፤ ስንቴ ሰምተውታል።

ከሁሉም የሚወደው ግን የኮንትሮባንድ ሴቶቹን ታሪክ ነው። ከጅቡቲ ልብስ፣ ሽቶ፣ ሩዝ ጭነው የሚመጡትን። ፍተሻው ጣቢያው ላይ ስለሆነ ባቡሩ ከተማ ሳይገባ ጥቅላቸውን በመስኮት መወርወር አለባቸው። ውጭ ልጆቻቸው ይጠብቃሉ። እሱ አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ትንሽ ያቀዘቅዝላቸዋል። ማንም አልጠየቀው፣ ማንም አልከፈለው። "አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች" አለኝ። "ጥቅሉን ስትወረውር አብራው ልትወድቅ! እኔ ፍሬን ያዝኩ። ረዳቴ ምን ሆንክ ሲለኝ ግመል አየሁ አልኩት።" በየቀኑ ወደ እነሱ ይመለሳል። ስማቸውን ያውቃል፣ የማን ልጅ የት እንደተማረ ያውቃል፣ በዛ ጨርቅ ስንት ቤት እንደተሠራ ያውቃል።

እኔ ምን አደረግኩ? ቤቴ ገብቼ ደራሲ ሆንኩ።

ጨረቃ ጨመርኩ። የበረሃ ነፋስ ጨመርኩ። ባቡሩ የሕይወት ምሳሌ ሆነ፣ እያንዳንዱ ጣቢያም የዕድሜ ምዕራፍ። ሰውየው በኔ ጽሑፍ ውስጥ ለአለቃው "እርስዎ" ይላል፣ በሬዲዮ ዜና አንባቢ አማርኛ ያስባል። ኦሮምኛውን አወጣሁ፣ ሶማሊኛውን አወጣሁ፣ ስድቡንማ ተዉት። ሴቶቹንም አወጣኋቸው። ስሙን የሚያጎድፍ መሰለኛ! በ"ሕዝብን በቅንነት ማገልገል" የሚል አንድ አንቀጽ ተካኋቸው። ታይፕ አስመትቼ፣ አስጠርዤ ወሰድኩለት።

ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ልጁ ጮክ ብላ አነበበችለት። ዝም ብሎ ሰማ። ብዙ ካነበበች በኋላ እጁን አነሳና አስቆማት። "ጎበዝ ሰው ነው" አለ። "ማነው?"

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም። ከዛ ወደኔ ዞረና "እነዛ ሴቶች የት ሄዱ?" አለኝ። ስምህ እንዳይነሳ ብዬ ነው አልኩት። "ስሜን የሚያነሱት እነሱ ብቻ ናቸው" አለ። ቀሪውን ክፍያ ሳያጎድል ሰጠኝ። እንደገና ልሥራው አላልኩም፤ እሱም አልለመነኝም። ጥራዙን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ በዛው ቀረ።

ስወጣ የተሰማኝን ልንገራችሁ? እልህ። ይሄ ሰውዬ ሥነ ጽሑፍ የት ያውቃል አልኩ። ካሴቶቹንም ባዶ ካሴት ለመግዛት ሰስቼ ከሬዲዮ ዘፈን ቀዳሁባቸው። ከዓመታት በኋላ ሲያርፍ ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ የጠራው እኔን ነው፤ "ታሪኩን አንተ ታውቀዋለህ" ብለው። ሌሊቱን ካሴቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። በአንዱ ጫፍ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ የሱ ሳል ብቻ ተሰማ። ያው እንደተለመደው አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ተወለደ፣ ተቀጠረ፣ ጡረታ ወጣ፣ የልጆች አባት ነበር።

እና ልጄ፣ ራስን መሸጥ ስትዪኝ ይሄ ነው የመጣብኝ። ነጋዴው ጉራ ቢነግርሽም ቆይተሽ ስሚው። ጉራውን ሲጨርስ የሚያወራው ነገር አለ፣ ሁልጊዜ አለ። ቀረጻውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ገና ሁለት ምዕራፍ ስትጽፊ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ ሙሉውን እስክትጨርሺ አትጠብቂ። "ይሄ እኔ አይደለሁም" ካለሽ ኩራትሽን ዋጥ አድርገሽ እንደገና ጻፊው። ከሱ ጋር ተስማምተሽ ስምሽ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን መጀመሪያ ቁረጪ፤ መጨረሻ ላይ ከተነሳ ጠብ ነው።

ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ "እዩኝ" ሳይሉ የሚጽፉት ነገር የለም። መጽሐፍ ሳይወጣ ሽፋኑ ይለጠፋል፣ ከስም ፊት "ደራሲ" ይቀመጣል። ምናልባት እኔም በጊዜው ቴሌግራም ቢኖር እንደዛው ነበር የማደርገው፤ ያ ያላለቀ ልብ ወለድ በሻንጣ ይዞ ከመዞር በምን ይለያል? ደግሞ በየምዕራፉ እየጻፉ አንባቢ የሚያፈሩ ልጆች አሉ፣ እነሱን አደንቃለሁ። በማሽን አስጽፈው "ጋሼ እይልኝ" የሚሉኝን ግን አላይም። ጨረቃ በብዛት ነው ያለበት።

ፈረንጁ አርተር ራምቦ ትዝ አለኝ። ሐረር ስንሄድ፣ ደንገጎን ወጥተን ነፋሱ ሲቀዘቅዝ፣ ልጆቹ ወዲያው ራምቦ ቤት ገብተው ፎቶ ነው። በ20 ዓመቱ አካባቢ ግጥም የተወ ገጣሚ፣ በፈረንጆቹ 1880 ሐረር መጥቶ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ተቀጣሪ ሆነ ይባላል፣ እዛ ላይ ያቆማሉ። ሰውየው ግን መጻፍ ጨርሶ አልተወም። ስለ ኦጋዴን ሪፖርት ጽፎ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አትሞለታል። ኦጋዴንን ዞሮ ያየው ደግሞ ሶቲሮ የሚባል ግሪካዊ ባልደረባው ነው፤ ራምቦ የሱን ማስታወሻ ይዞ ነው የጻፈው። ያን የሚያህል ገጣሚ በሌላ ሰው እግር የተሄደበትን አገር ግጦሹን፣ ውኃውን፣ ንግዱን ሲዘረዝር አስቡት። ግጥሞቹ ይበልጣሉ፣ እሱን አልከራከርም።

እኔ በኋላ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። ከሁሉም ያስተማረኝ ፍርድ ቤት በር ላይ ታይፕራይተር ይዘው ከሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ካንዱ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ ነው። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ይመጣል፣ ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። ሽማግሌው አይቆጣም። ምን ሆንክ? መቼ? ማን አየ? ምን ይደረግልህ? በቃ። ከዛ ጣቱ ይሮጣል። አንድ ገጽ ሳይሞላ ሰውየው የዕድሜውን በደል ይዞ ይሄዳል። የሕዝብ ግንኙነትም ሠርቻለሁ፤ ደሞዙ በወሩ ይገባል፣ የሌላ ሰው ንግግር ትጽፋላችሁ፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ያን ሌሊት የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ለአንድ የረድኤት ድርጅት ሪፖርት እጽፍ ነበር። መጠለያው ውስጥ አንዲት እናት ያለችኝን ቃል በቃል አስገባሁት። አለቃዬ ሰርዞ "ተጠቃሚዋ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋት ገልጻለች" አለው። ያን ጊዜ የተጣላሁት ለሷ ብቻ አልነበረም።

ትርጉም ለምትጀምሩ አንድ ነገር ብቻ። በቃላት ቁጥር የምትከፈሉ ከሆነ በእንግሊዝኛው ቁጥር ተስማሙ። አማርኛ ማን እንዳደረገውም፣ ለማን እንዳደረገውም፣ አለማድረጉንም ከግሡ ጋር ስለሚያጣብቅ ቃላቱ ቁጥራቸው ያንሳል። በአማርኛው ከተቆጠረላችሁ ከሠራችሁበት ይጎድልባችኋል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሁሉንም ሞክሩ እያልኩ ነው አይደል? አንድ ጓደኛዬ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ከሬዲዮ ድራማ ሌላ ምንም አልጻፈም። ምክር አይሰማም፣ ደሞዝ ያለው ሥራ ሲመጣለት አይሄድም። ሚስቱ ስንቴ እኔ ጋ መጥታ ተማርራለች፣ ምከረው እያለች። አሁን ሁለት ሰው ሲያወራ ሰምቶ ጸባቸው እንዴት እንደሚያልቅ መናገር ይችላል። እቀናበታለሁ። ስለዚህ እኔንም እንዳለ አትመኑኝ፤ እኔ የሞከርኩት አንዳንዱን ወድጄ፣ አብዛኛውን የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነው።

ውል ይኑራችሁ የሚለውን ሁሉም ይነግራችኋል፤ የማይነግሯችሁን ልንገር። በ1996 የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ተቀጥራችሁ በሥራችሁ ላይ የጻፋችሁት የአሠሪያችሁ ነው ይላል፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር። የራሳችሁ የሆነው ሥራ ላይ ያላችሁ የኢኮኖሚ መብት ግን ዕድሜ ልካችሁን፣ ከዛም ለወራሾቻችሁ 50 ዓመት ይቆያል። የፊልም ጽሑፍ ስትሸጡ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ፊርማ ልትሰጡ እንደምትችሉ አስባችሁ ፈርሙ። ክፍያውን ሦስት ቦታ ከፋፍሉት፤ ስትጀምሩ፣ ረቂቁን ስታሳዩ፣ ስትጨርሱ። የመጨረሻውን ጽሑፍ ከመጨረሻው ብር በፊት አትስጡ።

እኔ አንድ ጊዜ የዶክመንተሪ ጽሑፍ ቀድሜ ሰጥቼ እስከዛሬ አልተከፈለኝም። ፊልሙ ታየ፣ ተጨበጨበለት። ሰውየውን ቀፊራ ገበያ በኩል ሳልፍ አገኘዋለሁ። ከሩቅ እጁን ያነሳል፣ እናቴን ይጠይቀኛል፣ ሻይ ካልጋበዝኩህ ይለኛል። ሻዩን እጠጣለሁ።