ከታች ሱቅ፣ ከላይ በረንዳ

ስለ አራዳና ፒያሳ ነባር ቤቶች ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የፒያሳ አሮጌ ፎቅ ቤቶች ላይኛው ክፍል በእንጨት በረንዳ የሚከበበው ለጌጥ ነው?

መልስ፦ ጌጡ ትርፍ ነው፤ ዋናው ሥራው ዝናብ መከላከል ነው። የብዙዎቹ መሠረትና ምድር ቤት ድንጋይ፣ የላይኛው ግድግዳ ግን እንጨትና ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ የክረምትን ዶፍ ፊት ለፊት አይችልም። በረንዳውና ወጣ ብሎ የተሠራው የቆርቆሮ ክዳን ውሃው ግድግዳውን ሳይነካ እንዲወርድ ያደርጋሉ። በዚህ አሠራር የህንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ጎልቶ ይታያል። ከታች መነገድ፣ ከላይ መኖርም የነጋዴው ልማድ ነበር። ስለዚህ «መኖሪያውን ሱቅ አደረጉት» የሚለው ወቀሳ ለብዙዎቹ አይሠራም፤ ሲሠሩም ሱቅ ነበራቸው።

ጥያቄ፦ የሱቄ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ እየረጠበ ልስኑ ይረግፋል። በሲሚንቶ ባስለስነው ባሰበት።

መልስ፦ ያባሰው ሲሚንቶው ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በገጹ በኩል ወደ አየር ያስወጣል፤ የቀድሞው የጭቃና የኖራ ልስን ይህን አይከለክልም። ሲሚንቶ ግን ይደፍነዋል። መውጫ ያጣው ውሃ ከልስኑ ጀርባ ጭዱንና ማገሩን ያበሰብሳል። በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ተላቅቋል ማለት ነው።

ከልስኑ በፊት ግን ውጭውን ይመልከቱ። መንገዱ በተነጠፈ ቁጥር ከፍ እያለ የሱቅዎን ወለል በልጦት ይሆናል፤ የተቀደደ አሸንዳም ውሃውን እዚያው ሥሩ ላይ ይደፋ ይሆናል። አሸንዳውን ያስጠግኑ፣ የውሃ መውረጃ ያስቆፍሩ፣ ሲሚንቶውን በቀስታ አስነስተው ግድግዳው እስኪደርቅ ይታገሡ። ከዚያ ጭቃና ጭድ አቡክቶ ማብላላት የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጉ። «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ላድርግበት» ካለዎት ሂሳቡን ዘግተው ያሰናብቱት።

ጥያቄ፦ መሐል ያለው የእንጨት ምሰሶ መደርደሪያ አላስገባ አለኝ። ቢቆረጥስ?

መልስ፦ የላይኛውን ወለል የተሸከመው አግዳሚ ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። መደርደሪያውን ያስቆርጡት።

ጥያቄ፦ ቡና መሸጫ ልከፍት ነው፤ የከሰል ምድጃውን በላይኛው በረንዳ ላስቀምጠው?

መልስ፦ በፍጹም! በጥር 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የደረሰውን ቃጠሎ ያስታውሱ። ለዘመናት የደረቀ እንጨት ጊዜ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ቤቱ የቀበሌ ነው። የፊት በሩን በአልሙኒየምና በመስታወት ለመቀየር ማንን ላስፈቅድ?

መልስ፦ በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ መጀመሪያ ቤቱን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግዎታል። እኔን ከጠየቁኝ ግን አልሙኒየሙ ይቅር። የድሮውን ተጣጣፊ መዝጊያ ቀለም ፈቅፍቀው ይዩት፤ ጽድ ሆኖ ከተገኘ ምስጥ አይደፍረውም፤ ማጠፊያው ቢቀየርለት ይበቃዋል።