በቂ ልምምድ ሳይኖር ወደ ላንዛሮቴ፦ ስለ ረጅም ርቀት ትራያትሎን ጥያቄና መልስ

የዛሬው መልስ ሰጪ በረጅም ርቀት ትራያትሎን ለብዙ ዓመታት የተወዳደረና በአውሮፓ የሚኖሩ ጀማሪዎችን የሚያሰለጥን አባላችን ነው። አብዛኞቹ ጥያቄዎች የመጡት በግንቦት ወር በካናሪ ደሴቶች፣ ላንዛሮቴ ላይ ለሚካሄደው አይረንማን ተመዝግበው ልምምዳቸው ወደኋላ ከቀረባቸው አባላት ነው። ርቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል። ማራቶን ከአራት ሰዓት በታች እሮጣለሁ፤ በብስክሌት ግን ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሄጄ አላውቅም፤ በገንዳ ውስጥም ሳላርፍ የምዋኘው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ልግባ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምትተማመንበት ሩጫ በዚህ ውድድር ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቅምህ ነገር ነው። በአብዛኞቹ አይረንማን ውድድሮች የመዋኛው ክፍል በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ብስክሌቱ ከመነሻው ተቆጥሮ በ10 ሰዓት ተኩል፣ ጠቅላላው ደግሞ በ17 ሰዓት ይዘጋል። ብስክሌቱን በመጨረሻዋ ደቂቃ ያስረከበ ሰው እንኳ ለማራቶኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል፤ ይህም ፈጠን ባለ እርምጃ የሚሸፈን ነው። ባሕሩ ላይ ግን መራመድ የለም፤ 100 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ መዋኘት ያልቻለ ሰው ጉዞው እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ሩጫህን በሳምንት ሁለት ቀን ወስነውና የቀረውን ጊዜ ለውኃና ለብስክሌት ስጠው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሐይቅ ወይም በባሕር ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ሳታርፍ መዋኘት ካልቻልክ አትግባ። በገንዳ የዋኘኸውን አልቆጥረውም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የትኛውን ብስክሌት ልግዛ?

መልስ፦ ያለህን ይዘህ ሂድ። ጎማውን አሳድስ፣ ትርፍ ከመነዳሪ ያዝ፣ መቀየርም ተለማመድ።

አስተያየት (ከስቶክሆልም)፦ የአበበ ቢቂላና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ልጆች በጽናት ልንታማ አይገባም። ጠንካራ ሯጭ የሆነ ሰው ሌላውን በወኔ ይወጣዋል።

አስተያየት (ከቴል አቪቭ)፦ በዚህ አልስማማም። እኔ ሯጭ ሆኜ ቀይ ባሕር ውስጥ ስገባ ትንፋሼ የተቆረጠው ገና በመጀመሪያዎቹ 200 ሜትሮች ነበር።

አስተያየት (ከአዲስ አበባ)፦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምንለማመድ ሰዎች ወደ ባሕር ዳርቻ ስንወርድ ብርታት እንደሚሰማን ግን መካድ አይቻልም።

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ እንግታው። ከፍታው ደምን ያጠነክራል፤ ክንድን እንዴት መሳብ እንደሚገባ ግን አያስተምርም። አበበንም ኃይሌንም የፈጠራቸው የዓመታት ልምምድ ስለሆነ፣ ልምምድ ላልነበረው ሰው ማስረጃ አድርጎ ስማቸውን መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት መሠረት፣ ከ1985 እስከ 2016 በአገሪቱ ትራያትሎኖች ከተመዘገቡት 135 ሞቶችና ድንገተኛ የልብ መቆሞች ውስጥ 90ዎቹ ያጋጠሙት በመዋኛው ክፍል ነው። ወኔ ብቻውን ሰውን ውኃ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ማውጣቱን ግን ዋስትና የለውም።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ሐኪም ማየት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ላሉ ወንዶች አሁን የጠቀስኩት አደጋ ከወጣቶቹ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ የልብ ምርመራ ሳያደርጉ እንዳይገቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ውኃ ውስጥ እያሉ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት፣ ወይም አረፋ ያለው ሮዝ መልክ አክታ ካስሳልዎት፣ ሳንባ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ በጀርባዎ ተንጋለው እጅዎን ያውጡና ጀልባ ይጥሩ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ብስክሌቱ ላይ ምን ልብላ? ረጅም ጉዞ ስሄድ ሁልጊዜ ያቅለሸልሸኛል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ልምምድ ያነሰው ሰው ከጡንቻው በፊት የሚከዳው ሆዱ ነውና። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር 500 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ለጥቂት ሰዓት ጥረት እንጂ ለሙሉ ቀን አይበቃም። ልምምድ ያነሰው ሰው በተመሳሳይ ፍጥነት ሲጓዝ ከሌላው የበለጠ ስለሚደክም ስኳሩን ቶሎ ይጨርሳል፤ በዚያው ልክ ደሙ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚሸሽ አንጀቱ የተሰጠውን መቀበል ያቅተዋል። ያን ጊዜ የዋጠው ጄል (ለስፖርተኞች የሚሸጥ ዝልግልግ የስኳር ምግብ) ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይቀመጥና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎም ማስመለስ ይመጣል። መድኃኒቱ ሌላ ጄል ሳይሆን ፍጥነት መቀነስ ነው። ብስክሌቱ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለ ችግር መናገር ካቃተህ ከአቅምህ በላይ እየነዳህ ነው። ላንዛሮቴ 2,500 ሜትር ገደማ ዳገት አለው፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ወደ ሐሪያና ወደ ሚራዶር ዴል ሪዮ በሚያወጣው መንገድ ፊት ለፊት ስለሚገጥም፣ እዚያ ላይ ከሌሎች ጋር የተፎካከረ ሰው ዋጋውን ማራቶኑ ላይ ይከፍላል።

ስለ መጠኑ፦ አንጀት በሰዓት የሚያሳልፈው ግሉኮስ 60 ግራም ገደማ ነው። ፍሩክቶስ የተባለው ሌላው የስኳር ዓይነት በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲቀላቀሉ እስከ 90 ግራም ይደርሳል፤ ላልለመደ ሆድ ግን 60 ይበቃል። የኛ ሰው ዳቦ በማር ንቆ ውድ ጄል ሲገዛ ይገርመኛል፤ ማር ሁለቱንም ስኳሮች በተፈጥሮው ይዟል። ነጭ ዳቦውን ማር ቀብታችሁ አጥፉት፣ በአንድ ጉርሻ ልክ ቁረጡት፣ በማሊያችሁ የኋላ ኪስ አኑሩትና በየ20 ደቂቃው አንድ ጉረሱ። ፍሬው የወጣለት ትልቅ ቴምርም 16 ግራም ገደማ ስኳር ይሰጣል። በሶ ለዋዜማው ጥሩ ነው፤ በውድድሩ ቀን ግን አሰሩ ሆድ ይነፋል፣ የጠርሙሱንም አፍ ይደፍነዋል። ከሁሉ በላይ፣ በየሳምንቱ ረጅም ጉዞ ላይ ያልሞከራችሁትን በዚያ ቀን አትብሉ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ልምምዴ ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመብኝ። ልጹም ወይስ ልለማመድ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጾም ምግብ ለልምምድ አይከለክልም፤ ዳቦ፣ ማር፣ ቴምር፣ ድንች ሁሉ ይበቃል፤ ምስርና ሽምብራም ጡንቻን ይጠግናሉ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ አምስት ሰዓት ብስክሌት መንዳት አይሆንም። ስለ ሰዓቱ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ እኔ ከዚያ በላይ መናገር አልችልም።

ጥያቄ (ከኦስሎ)፦ በአጠቃላይ ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ስንት ሳምንት እንደቀረህ፣ ስንት እንደምትዋኝና ስንት እንደምትነዳ ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ላለመድረቅ ብዬ በየጣቢያው ሁለት ኩባያ ውኃ ልጠጣ? ለጉልበቴ ሕመምስ ኢቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ልውሰድ?

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርግ። ዝግ ብሎ የሚጓዝ ሰው በየጣቢያው ሲጠጣ ከሚያልበው በላይ ስለሚያስገባ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል። ራስ ምታት፣ የጣቶች ማበጥና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ ሲብስም ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ሲጠማህ ጠጣ። ኢቡፕሮፌን ደግሞ ኩላሊት ላይ ጫና ስለሚጨምር ይህንኑ አደጋ ያባብሰዋል።

ጥያቄ (ከሚላኖ)፦ በገንዳ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ፤ ባሕሩ ያስቸግረኛል?

መልስ፦ ለፍራንክፈርቱ ወንድማችን የሰጠሁትን አንብብ። ባሕር ውስጥ ሳትለማመድ አትግባ።

ጥያቄ (ከጄኔቫ)፦ ለጡንቻ ሕመም ዋዜማ ላይ የሕመም ማስታገሻ መዋጥ ይቻላል?

መልስ፦ አሁን ተናገርኩ፤ አይቻልም። በዋዜማም፣ በውድድሩም፣ በዚያው ሌሊትም አትውሰዱ።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ከጨረስኩ በኋላ የትኛው ሕመም የተለመደ፣ የትኛው አሳሳቢ ነው?

መልስ፦ ደረጃ ለመውረድ እስኪያቅትህ ድረስ ጭንህ ቢታመም በቀናት ውስጥ ይለቅሃል። ሽንትህ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ግን የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊትህን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ነገን ሳትጠብቅ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂድ፤ ምን ያህል ሰዓት እንደተወዳደርክና ምን መድኃኒት እንደወሰድክም ለሐኪሙ ንገረው።