«አውጡልኝ ብል ‹ገና ነው› አሉኝ»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ክንዴ ላይ ኢምፕላኖን የሚባለውን የእርግዝና መከላከያ አስቀበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ ቀኑ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሦስት ቀን ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። በፍልሰታ ሕፃናቱ ሁሉ ሲቆርቡ ልጄን ይዛ የገባችው አክስቱ ናት። እኔ ደጅ ቆሜ አለቀስኩ። አማቴ ደግሞ «ማህፀንሽን ያደርቀዋል፤ ሽቦው ወደ ልብሽ ይሄዳል» ይሉኛል።

ላስወጣው ጤና ጣቢያ ሄጄ «የሦስት ዓመት ነው፣ ገና ነሽ፣ ታገሺ» ብለው መለሱኝ። እውነት ማስወጣት አልችልም? ባስወጣውስ ምን ልጠቀም? ሁለተኛ ልጅ የምፈልገው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ደጅ የቆመችው

እህቴ፣ ያንን የፍልሰታ ጠዋት ሳነብ አንጀቴን በላሽው። «ታገሺ» ያለሽ ሰው ይህን ቢሰማ ኖሮ እንዲያ የሚልሽ አይመስለኝም።

ማስወጣት ትችያለሽ። በፈለግሽው ቀን። ሦስት ዓመት ማለት መድኃኒቱ እስከዚያ ይሠራል ማለት ነው፤ እስከዚያ የግድ ተሸከሚው ማለት አይደለም። ተመልሰሽ «እንዲወጣልኝ ወስኛለሁ» በያቸው። እምቢ ካሉ ኃላፊውን ጠይቂ፤ ካልሆነም ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በመንግሥት ጤና ተቋም አገልግሎቱ በነፃ ነው። ቦታው ይደነዝዛል፣ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ብቻ ሰው ቤት እንዳትሞክሪው።

ደሙ ለምን እንደመጣ ልንገርሽ። ክንድሽ ውስጥ የተቀበረችው ዘንግ ሆርሞን በጥቂት በጥቂቱ ትለቃለች። ሆርሞኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፣ የማህፀን ግድግዳውንም ያሳሳል። የሳሳው ግድግዳ ያለ ቀኑ ይደማል። ብዙ ሴቶች ከጊዜው በፊት የሚያስወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ማህፀንሽ ተጎድቷል ማለት ግን አይደለም። ለመተው ካላስቸኮለሽ፣ ለጥቂት ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ወይም ለ21 ቀን የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ደሙን ጋብ ሊያደርግልሽ ይችላል። ባለሙያዋን ጠይቂያት። ደሙ ከበዛ ወይም ሆድሽን በኃይል ከቆረጠሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሂጂ።

እማማ የሚሉሽ ከፍቅር ነው፤ ግን ሽቦ አይደለም። ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። አሁን ክንድሽን በጣትሽ ዳስሺ፤ ታገኚዋለሽ። ካጣሻት ለባለሙያ አሳዪ። ማህፀንም አታደርቅም። እንዲያውም ከወጣች በኋላ በሳምንታት ውስጥ ልታረግዢ ትችያለሽ። ስለዚህ ሌላ መከላከያ ሳትይዢ ከዚያ ክፍል አትውጪ።

ምን ትይዣለሽ? ያንቺ ጭንቀት የደሙ ቀን አለመታወቁ ነው። እኔ አንቺን ብሆን መጀመሪያ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ እጠይቅ ነበር። ሆርሞን የለውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ሊያበዛና ቀኑን ሊያስረዝም ይችላል፤ ወሩን ግን ይጠብቃል። ከ10 ዓመት በላይ የሚያገለግል ቢሆንም ልጅ ስትፈልጊ ወዲያው ይወጣል። ኪኒንም ደሙን በቀኑ ያመጣዋል፤ ግን በየቀኑ መዋጥ አለበት። በተለመደው አጠቃቀም በዓመት ከ100 ሴቶች 7ቱ ያህል ያረግዛሉ፤ በኢምፕላኖን ግን አንድም አይሞሉም። የደም ግፊት ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለብሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የሦስት ወሩን መርፌ ላንቺ አልመርጠውም። እሱም መጀመሪያ ላይ ደሙን ያዘባርቃል፤ ካቆምሽው በኋላም እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል።

የቤተክርስቲያኑን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የመድኃኒት ደም መሆኑን ሳትደብቂ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደግሞ ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ፣ ልጁን ይያዝልሽ። ዛሬ አይሆንም ካሉሽ የሚወጣበትን ቀን ካርድሽ ላይ አስጽፈሽ ውጪ።